ስለ መምህርነት ዝግጅት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



የምናገርበትን ጉዳይ የመረጥሁት ባለፈው ወር በክፍላችን ከተነሣ ሳቅ የተነሣ ነው። አንድ መምህራችን ወደፊት ምን ለመሆን እንደምናስብ በየተራ ሲጠይቁን፥ ገሚሱ ሐኪም፥ ገሚሱ መሐንዲስ፥ ጥቂቶቹም ነጋዴ አሉ። ተራው ሲደርሰኝ «የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር» ብዬ ብመልስ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤቴ ስደርስ ግን ሳቁ አልተመቸኝም።

ነገሩ የጀመረው በታናሽ ወንድሜ ነው። እኔ የታች ክፍሎችን የተማርሁት እዚሁ ደብረ ታቦር አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፥ እርሱ የሚማረው ከጉና ተራራ ግርጌ፥ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ባገራችን ባለች የገጠር ትምህርት ቤት ነው። ለገና ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ ደብተሩን ይዞ መጣና «ጋሼ፥ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ የሚሆነው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በሒሳብ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ። የመለስሁለት ግን «ሕጉ ነው፤ እንዲሁ ያዘው» የሚል ነበር። ልጁ ዝም ብሎ ደብተሩን አጠፈ። ያ ደብተር ሲታጠፍ ያየሁት ፊቱ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም፤ ማወቅና ማስተማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም ያን ቀን ተረዳሁ።

ወደ ከተማ ስመለስ ጥያቄውን ወደ አንድ የድሮ መምህሬ ይዤ ሄድሁ። እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉኝ፦ «ለሦስት ጎረቤቶች ሁለት ሁለት ቁና ገብስ ዕዳ አለብህ እንበል። ያለብህ ስድስት ቁና ነው፤ ይህ ከዜሮ በታች ነው። አሁን ሦስቱም ጎረቤቶች ዕዳቸውን ማሩህ። ሦስት ዕዳ ተነሣልህ ማለት ነው። ከትናንት ይልቅ ዛሬ በስንት ቁና ተሻልህ?» በስድስት ነዋ! ይህንን ለወንድሜ ስነግረው «ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ደበቃችሁብን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፥ ይልቁንም አባቴ፥ «ለሰባተኛ ክፍል ልጅ ማስተማሪያ ዩኒቨርሲቲ ድረስ መሄድ ምን ያስፈልጋል? አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ አይበቃውምን?» ይላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መልሱ ከውጭ አገር የመጣ ሳይሆን እዚሁ ባገራችን ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። በደቡብ ጎንደር ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ድጓ የተማረ ሁሉ ድጓ አያስተምርም። ብዙ ዓመት በየአድባራቱ ዞሮ፥ ቁራሽ ለምኖ፥ ዜማውን በቃሉ ካጠና በኋላ እንኳ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ በምስክሩ መምህር ፊት መታረምና መመስከር አለበት። የዝማሬና የመዋሥዕት ደግሞ ምስክሩ ዙር አባ ነው። ሳይመሰከርለት ወንበር ዘርግቶ የሚያስተምር ሰው ቢገኝ፥ መንደሩ ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ። እንግዲህ አያቶቻችን ለመምህር ፈቃድ ያስፈልገዋል ብለው ከወሰኑ ዘመን የለውም፤ ዛሬ የመምህር የሙያ ፈቃድ ሲባል አዲስ ነገር የመጣ ይመስለናል እንጂ።

ሌላም ምስክር ቅርባችን አለ። ከከተማችን ብዙ ሳይርቅ ጋፋት ላይ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር ባለ እጆችን አስቀምጠው ያገራችን ሰዎች ከእነርሱ ጋር እየሠሩ እጅ ሥራ እንዲለምዱ አድርገው ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 እዚያ ቀልጦ ተሠራ። ስለ መድፉ ሁላችንም እናወራለን። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ንጉሡ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሚያሠራውን ዕውቀትና አስተማሪውን መፈለጋቸው ነው።

በዘመናዊው ትምህርት ረገድ የመምህር እጦት የቆየ ችግር ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ነበሩ። ባገር ውስጥ መምህራንን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 አዲስ አበባ ነው። በ1960ዎቹም (እ.ኤ.አ.) የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም የሚያገለግሉት በማስተማር ነበር። ወደ እኛ ስንቀርብ፥ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ባሕር ዳር የመምህራን አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1972 ተቋቋመ፤ እርሱም በ2000 ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ እኛም በከተማችን የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ አለን።

ደንቡን በአጭሩ ላስረዳ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚያስተምር የምስክር ወረቀት፥ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ የሚያስተምር ዲፕሎማ፥ ከዚያ በላይ የሚያስተምር ዲግሪ ይጠየቅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ግን ሰባተኛንና ስምንተኛን ክፍል ለይቶ መካከለኛ ደረጃ አላቸው፤ መምህራቸውም የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው እንዲሆን ይፈልጋል። ይህም ማለት አንዱን የትምህርት ዓይነት በጥልቅ መማር፥ ስለ ልጆች አእምሮና ስለ ማስተማር ዘዴ መማር፥ በእውነተኛ ክፍል ፊት ቆሞ እየታረሙ መለማመድ ነው። ቀጥሎ ደግሞ የሙያ ፈቃድ አለ፤ ለዚሁም የጽሑፍ ፈተናና የመምህሩን ሥራ የሚያሳይ ማኅደረ ተግባር ይቀርባል። ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል። (የድጓ መምህር ምስክርነት አይታደስም፤ በዚህ እነርሱ ይሻላሉ።)

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚያጓጓኝ ልምምዱ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ለብዙ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚሆን ሰው በመጀመሪያ የሙያ ዲግሪውን ጨርሶ፥ ማስተማርን በኋላ በአንድ ዓመት ዲፕሎማ እንዲማር ይደረግ ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ ዳቦው ከተጋገረ በኋላ እርሾ እንደ መጨመር ነው። ዕውቀቱና ማስተማሩ ከመጀመሪያው አብረው መቦካት አለባቸው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ። በመጀመሪያ ፈተናው አለ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከመቶ 3.3፥ በ2015 ከመቶ 3.2፥ በ2016 ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ። ጓደኞቼ፥ እነዚህን ቁጥሮች የጠራሁት ላስፈራችሁ አይደለም፤ እኔ ራሴ ሌሊት እየነቃሁ የማስባቸው ስለሆኑ ነው። ነገር ግን ከየት እንደመጡ እናስብ። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የወደቀ ተማሪ የወደቀው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነውን? ብዙዎቻችን የተሰናከልነው እኮ ሰባተኛ ክፍል ላይ፥ «እንዲሁ ያዘው» በተባልን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ በዚያ ላይ የተቆለለ ነው።

ሁለተኛው ክልላችን የደረሰበት ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ከተነሣው ግጭት ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ርቀው ቆይተዋል። ሲመለሱ ዕድሜያቸው ጨምሯል፤ የተማሩትም ተረስቷል። ከወንድሜ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሳያሳፍሩ ካቆመበት ማንሣት በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚሆን አይመስለኝም፤ ዘዴውን መማር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው እናንተ ክቡራን ወላጆች ናችሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ውሳኔዬን ለአባቴ በነገርሁት ጊዜ ለረዥም ጊዜ ዝም አለ። ኋላም «በሬ ሸጬ ያስተማርሁህ ጠመኔ እንድትቅም ነው?» አለኝ። እናቴ ልታስታርቀን «ይሁን፥ መጀመሪያ ይለፍ» አለች። አባቴ የሚለው ውሸት አይደለም። የመምህር ደመወዝ አነስተኛ መሆኑን፥ መምህር ቤት ተከራይቶ እንደሚቸገር ሁላችንም እናያለን። ስለዚህ «አባባ፥ ተሳስተሃል» ማለት አልቻልሁም። ያልሁት «አባባ፥ ወንድሜን ማን ያስተምረው?» ብቻ ነው። እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ዛሬ ግን እዚህ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ እያደመጠኝ ነው፤ ስለመጣም አመሰግነዋለሁ።

ለረዥም ጊዜ በመምህራን ማሠልጠኛ የሚገባው ሌላ በር የተዘጋበት ተማሪ ነው ሲባል ሰምተናል። እንዲህ ያለው ወሬ በትጋት ያስተማሩንን መምህራን ይበድላል። በክፍላችን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡት ተማሪዎች ሁለቱ እንኳ በፈቃዳቸው መምህርነትን ቢመርጡ ወሬው ይቀንስ ነበር። አንዲት ጓደኛዬ ከሳቁ በኋላ በምሥጢር መጥታ የፊዚክስ መምህርት ለመሆን እንደምትፈልግ ነግራኛለች። ስሟን አልናገርም፤ ራሷ ትናገር።

እስከዚያው ድረስ እኔና እርሷ ርእሰ መምህራችንን አስፈቅደን ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን በሒሳብና በሳይንስ ለማገዝ አስበናል። የራሳችን ፈተና ስለቀረበ ከሁለት ሰዓት በላይ አንችልም። አንድ አሮጌ ሰሌዳ አግኝተናል፤ ጠመኔ የለንም። ከወላጆች መካከል አንድ ሳጥን ጠመኔ የሚሰጠን ቢገኝ፥ ወይም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ የሚያግዝልን ጓደኛ ቢኖር፥ ከበዓሉ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እንጠብቃለን።