የግመል ምርመራ በጀልዴሳ

ጥንት ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ያርፍባት በነበረችው በጀልዴሳ፣ የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ የቅፍለቱ መንገድ ቢቀዘቅዝም፣ ግመል ዛሬም የአርብቶ አደሩ ሀብት ነውና፣ የታመመ ግመል እንዴት እንደሚመረመር እናስረዳለን።

እንስሳ ልሳን የለውምና ሐኪሙ አስቀድሞ ባለቤቱን ይጠይቃል፤ ግመሉን ከግልገልነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ቃል፣ በእኔ አስተያየት፣ ከማናቸውም መሣሪያ ይቀድማል። ቀጥሎም ሳይነካው አቋቋሙን፣ አረማመዱንና ማመስኳቱን ከሩቅ ይመለከታል።

ተንበርክኮ ከታሰረ በኋላ ሙቀቱ በፊንጢጣው በኩል ይለካል፤ ነገር ግን ፈጣሪ ለበረሃ ያሰናዳው ይህ ፍጥረት ውኃ በተጠማ ጊዜ ሙቀቱ ማለዳ ወደ 34 ወርዶ ከቀትር በኋላ ከ40 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ የጥማቱን ግለት ከደዌ ትኩሳት ለመለየት ሰዓቱንና መቼ እንደጠጣ ማወቅ ግድ ነው።

ከዚያም የታችኛው የዓይን ሽፋን ዝቅ ተደርጎ ውስጡ ይታያል፤ ቀላ ካለ መልካም፣ ከነጣ ግን ደም ማነሱን፣ ምናልባትም በተናካሽ ዝንብ የሚተላለፈውን ሱራ የተባለውን ደዌ ያመለክታልና ደሙ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ልብ፣ ሳንባና ጨጓራ በማዳመጫ ይደመጣሉ፤ በመጨረሻም ቆዳው ይዳሰሳል፤ እከክ ከተገኘበት፣ ወደ ሰው ስለሚጋባ፣ የዳሰሱት እጆች ሁሉ በሳሙና መታጠብ አለባቸው።