ቦምብ የታጠቁ ጎረቤታሞች
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ስለ ሕንድና ፓኪስታን ግጭት ሲወራ አንዲት እናታችን «ስንት ድሃ እያላቸው ይህን ሁሉ ገንዘብ ለቦምብ የሚያፈሱት ምን ነክቷቸው ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰዓቱ ስላለቀ መልሱን አዘጋጅተሽ ነይ ተባልኩ። እኔ የጦር አዋቂ አይደለሁም፤ ያነበብኩትን በእኛው ቋንቋ ላስረዳችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ጎረቤትን በመፍራት ነው። በ1962 ቻይናና ሕንድ በድንበር ተዋጉና ሕንድ ተሸነፈች። በ1964 ቻይና የመጀመሪያውን የኑክሌር ቦምቧን ሞከረች። ሕንድም በ1974 «ለሰላም ነው» ብላ በራጃስታን በረሃ የራሷን አፈነዳች። ፓኪስታን ይህን ሰምታ እንዴት ትተኛ? በ1971 ምሥራቃዊ ግዛቷ ተገንጥሎ ባንግላዴሽ ሲሆን ጦር አዝምታ ያገዘችው ሕንድ ነበረች። በ1998 በሜይ ወር ሕንድ አምስት ቦምብ አፈነዳሁ ስትል፣ ፓኪስታን ወሩ ሳያልቅ ስድስት አፈነዳሁ አለች። ዛሬ እያንዳንዳቸው ከ160 በላይ እንዳላቸው ይገመታል።

በኋላ ፓኪስታንን የመሩት ዙልፊቃር አሊ ቡቶ ገና በ1965፣ ሕንድ ቦምብ ከሠራች እኛም ሣርና ቅጠል በልተን፣ ተርበንም ቢሆን እንሠራለን ብለው ነበር። ይህ አባባል እኔን አንገብግቦኛል። ሣሩን ማን ሊለቅም ነው? ማንስ ሊቀቅለው? ልጅ «እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲል መልስ የሚጠበቀው ከማን ነው? ጓዳ ገብቶ የማያውቅ ሰው ንግግር ነው።

«ሁለቱም ስላላቸው ይፈራራሉ፤ ስለዚህ አይዋጉም» የሚሉ አሉ። ታዲያ ቦምቡን ከያዙ በኋላ በ1999 ካርጊል ላይ ተዋግተዋል፤ በ2025ም ለአራት ቀን ሚሳኤልና ድሮን ተወራውረዋል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ስህተት ነው። በማርች 2022 አንድ የሕንድ ሚሳኤል በጥገና ላይ እያለ ሳይታሰብ ተተኩሶ ፓኪስታን ውስጥ ሚያን ቻኑ የምትባል ከተማ አጠገብ ወደቀ። ቦምብ አልተጫነበትም፤ ሰውም አልሞተም። ሕንድ «በስህተት ነው» ብላ በይፋ ያመነችው ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እስቲ አስቡት፤ ሚሳኤሉ የደረሰው በደቂቃዎች ነው፣ ማብራሪያው በሁለት ቀን። ያ ቀን ጦርነት ላይ እያሉ ቢሆን ኖሮስ?

መውጫ የለውም ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አርጀንቲናና ብራዚልም ተቀናቃኞች ነበሩ፤ በወታደሮች ዘመን ሁለቱም በድብቅ የኑክሌር ሥራ ነበራቸው። ሲቪል መንግሥት ሲመለስ መሪዎቹ አልፎንሲንና ሳርኔይ አንዱ የሌላውን የተደበቀ ተቋም ገብተው ጎበኙ። በ1991 ደግሞ የጋራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሪዮ ዴ ጄኔሮ አቋቋሙ። የብራዚል ባለሙያ የአርጀንቲናን ይቆጥራል፤ የአርጀንቲናው የብራዚልን። የእኛ የቁጠባ ሣጥን ቁልፎቹ በተለያዩ ሴቶች እጅ ሆነው፣ ገንዘቡ ሁላችን ፊት እንደሚቆጠረው ማለት ነው። መጀመሪያ ተማምነን ኖሮ ነው እንዲህ ያደረግነው? መተማመኑ የመጣው እየቆጠርን ነው።

በእርግጥ እነሱ ገና ቦምብ አልሠሩም፤ እንደ ካሽሚር ያለ ደም የፈሰሰበት መሬትም በመካከላቸው አልነበረም። ስለዚህ ሕንድና ፓኪስታን ነገ እንዲሁ ያደርጋሉ ብዬ አላታልላችሁም።

አንድ ነገር ግን አላቸው። አንዱ የሌላውን የኑክሌር ተቋም እንዳይመታ በ1988 ተስማምተዋል፤ ከ1992 ጀምሮም በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን የተቋሞቻቸውን ዝርዝር ይለዋወጣሉ። ካርጊል ላይ ከተዋጉ በኋላም አልተቋረጠም። ወረቀቱ ተቋሙ የት እንዳለ ይናገራል፤ ስንት ቦምብ እንዳለ ግን አይናገርም፤ ገብቶ የሚቆጥርም የለም።

ጥያቄ ካላችሁ ቡናው እስኪደርስ እንነጋገር።