ሮቦትን ከሩቅ የሚያዝ ሠራተኛና የርቀት ግምት



በ2011 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተው በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ በመስፋት የምትተዳደር ሠራተኛ፣ ቀዳዳው ወደ ጎን በዞረ መርፌ ክር ማስገባት አይቸግራትም። አንድ ዓይኗን ጨፍና ብትሞክር ግን የክሩ ጫፍ አንዴ ከመርፌው ወዲህ ይቀራል፤ አንዴም ወዲያ ያልፋል። ሁለቱ የሰው ዓይኖች በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ የሚያዩት ምስል በጥቂቱ ይለያያል፤ አእምሮም ርቀትን የሚመዝነው ከዚሁ ልዩነት ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን እ.ኤ.አ. በ1838 ይህንኑ በመስተዋት መሣሪያ አስረድቷል።

እንዲህ ባለ ፋብሪካ የጨርቅ ጥቅል የሚያነሣ፣ ከሌላ ክፍል በቴሌቪዥን እየታየ የሚታዘዝ የሮቦት ክንድ ቢተከል፣ አንድ ካሜራ ብቻ የተሰጠው ሠራተኛ አንድ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ሰው ይሆናል። ክንዱ ዕቃውን ሲገፈትር ወይም ሳይደርስበት ባዶ አየር ሲጨብጥ፣ ሠራተኛው ግዴለሽ ይባላል። ካሜራው ሳይመረመር የሚሰጥ እንዲህ ያለ ፍርድ ግፍ ነው።

በአሜሪካ አገር በአርጎን ላቦራቶሪ ሬይመንድ ጎርዝ በ1940ዎቹ መጨረሻ ጨረር ያለበትን ዕቃ የሚያነሣ ክንድ ሲሠራ፣ ሠራተኛው በወፍራም መስኮት አሻግሮ በሁለት ዓይኑ ያይ ነበር። ቴሌቪዥን መስኮቱን ሲተካ የቀረው ይህ ጸጋ ነው።

ታዲያ ሁለት ካሜራ መግዛት ይበቃልን? ቅርብ ለሆነ ሥራ በእጅጉ ይረዳል። ነገር ግን ካሜራዎቹ እንደ ዓይን ተራርቀው፣ የምስሉ አንድ ነጥብ የአንድ ዲግሪ 60ኛ እጅ ቢሸፍን፣ የአንድ ነጥብ ስሕተት በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በ2 ሜትር ግን 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ያሳስታል። ርቀቱ 4 እጥፍ ሲሆን ስሕተቱ 16 እጥፍ መሆኑ ነው። ካሜራዎቹን ይበልጥ ማራራቅ ስሕተቱን ይቀንሳል፤ ሆኖም ዕቃው ከመጠኑ ያነሰ መስሎ ይታያል፣ ዓይንም ይደክማል። ደግሞም በሁለት ዓይን ርቀትን መለየት የማይችሉ ሰዎች ስላሉ፣ መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት የሠራተኞቹን እይታ መመርመር ይገባል።

ርካሹ መፍትሔ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከጎን የሚያይ አንድ ተራ ካሜራ፣ ከፊት የማይታየውን ክፍተት በግልጽ ያሳያል። ከበላይ የተሰቀለ መብራትም የክንዱን ጥላ በጨርቁ ላይ ይጥላል፤ ጥላውና ጣቱ ሲገናኙ ሠራተኛው መድረሱን ያውቃል። ስለዚህ መብራቱ የሚሰቀልበት ቦታ ክንዱ ሳይተከል፣ ክንዱን የሚያዘው ሠራተኛ ባለበት ተሞክሮ ሊወሰን ይገባል።