የመኪናችን ናፍጣ የት ይሄዳል?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከስምሪት ክፍል የቀረበ ንግግር)




የበዓሉ ኮሚቴ ስለ ትራንስፖርት ተናገር ሲለኝ አዲስ መኪና ይገዛ ብዬ የምለምን መስሎት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ይዤ የመጣሁት ግን አንድ የተማሪ ደብተር ነው።

የነዳጅ ዋጋ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት ነዳጅ ስለተወደደባቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በእኛ ዘመን ደግሞ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የመንግሥት ድጎማ መነሣት ሲጀምር ናፍጣ በሊትር ከ35 ብር ገደማ ወደ 49 ብር ገባ፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ወደ 100 ብር ተጠጋ። ዋጋውን እኛ አንወስንም። ስንት ሊትር እንደምናቃጥል ግን የምንወስነው እኛ ነን። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚጓጓዝበት ናፍጣ በኩንታሉ ዋጋ ላይ ተደምሮ ወደ አርሶ አደሩ ቤት ይገባል፤ እህል የሚወጣበት ናፍጣ ከትርፍ ክፍፍሉ ይቀነሳል። ስለዚህ ጉዳዩ የሾፌርና የመካኒክ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ። ከዓመታት በፊት፣ እኔ በስምሪት ሥራ ላይ አዲስ በነበርኩበት ጊዜ፣ የአንዱ ጭነት መኪናችን ፍጆታ እየጨመረ መጣ። በሊትር 4 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረች መኪና ወደ 3 ተኩል ወረደች። እኛ ለየትኛውም ጉዞ የምንጠቀመው አንድ ቁጥር ነበር፤ ከቁጥሩ በላይ የወጣው ነዳጅ እንደጎደለ ይቆጠራል። ጉዳዩ ለስብሰባ ቀረበ፤ «ነዳጁ እየተሸጠ ነው» ተባለ፤ ከሾፌሩ ደመወዝ እንዲቆረጥ ተወሰነ። ሰንጠረዡን አዘጋጅቼ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ።

ሾፌሩ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። ደብዳቤውን ስሰጣቸው አልተቆጡም። «አብሽር ልጄ፤ እኔን ብትጠይቀኝ አታምነኝም። መኪናዋን ጠይቃት» አሉኝ። ነገሩ ከነከነኝና በሚቀጥሉት አራት ጉዞዎች አብሬያቸው ጋቢና ተቀመጥኩ።

አጠያየቃችን እንዲህ ነበር። ከመነሣታችን በፊት ታንኩን እስከ አፉ እንሞላለን፤ ኮንታ ኪሎ ሜትሩን እንጽፋለን። ስንመለስ እዚያው ማደያ፣ መኪናዋ እዚያው ቦታ ቆማ፣ እንደገና እስከ አፉ እንሞላለን። በሁለተኛው ሙሌት የገባው ሊትር የተቃጠለው ነው፤ የተኬደውን ኪሎ ሜትር ለእሱ ማካፈል ነው። «በ2,000 ብር ቅዳ» እየተባለ ከተቀዳ ግን በታንኩ ውስጥ ምን እንደቀረ ማንም አያውቅም። በጀሪካን የተጨመረም ካለ እዚያው መጻፍ አለበት። ኮንታ ኪሎ ሜትሩ የቆመ እንደሆነ መዝገቡ ወሬ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ማሠራት ነው።

የመጀመሪያው ነገር የገባኝ ዳገቱ ነው። ሐይቅ ከደሴ ወደ 500 ሜትር ዝቅ ትላለች። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ የመንገዱን ርዝመት ሳንቆጥር፣ በስሌት 4 ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈልጋል። ቁልቁለቱ ያን ሁሉ አይመልስም፤ አብዛኛው በፍሬንና በሞተር ይባክናል። እንግዲህ እህል ጭኖ ከሐይቅ ደሴን አልፎ ኮምቦልቻ የሚወርድን መኪናና ባዶውን ውጫሌ ደርሶ የሚመለስን መኪና በአንድ ቁጥር መዳኘት ፍርድ ማጓደል ነው። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ በአምባሰል የቀበሌ ጠጠር መንገድ የሚገባውማ ሌላ ነው። የሐይቅ ኮምቦልቻ ጉዞ ከሐይቅ ኮምቦልቻ ጉዞ ጋር፣ ጭነት ከጭነት ጋር ብቻ ይወዳደር።

ይህን ለይተንም ቢሆን መኪናዋ አሁንም ትበላ ነበር። በሦስተኛው ጉዞ ሜዳ ላይ ቆመን ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጎማዎቹ አስጠጉ። የኋላው ግራ ጎማ ከሌሎቹ ተለይቶ ይጋግላል። ፍሬኑ ይዞ አልለቅም ብሎ ነበር። መኪናዋ ወር ሙሉ ፍሬን ተይዞባት ስትጎተት ኖራለች። ጋራዥ ገብታ ተሠራች፤ በአራተኛው ጉዞ ወደ ድሮዋ 4 ኪሎ ሜትር ተመለሰች።

ይቺ ውጫሌ ያለችበት አገር ነውና አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣልያንኛው ሌላ ነገር ይል ነበር፤ መዘዙ አድዋ ድረስ አደረሰን። የእኛም የማደያ ደረሰኝና የስምሪት ወረቀት ለየብቻ ሲጻፉ እንደዚያው ናቸው። ሊትሩ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ መንገዱና ጭነቱ በአንድ ገጽ ላይ ይስፈሩ፤ ሾፌሩም ይፈርምበት።

ስለ አነዳድ ብዙ ስለምትሰሙ በአጭሩ ላልፍ ነው። የጎማ ነፋስ በየሳምንቱ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለካ። የአየር ፊልትሮ በጠጠር መንገድ ቶሎ ስለሚደፈን ቶሎ ይታይ። ማዳበሪያ ሲጫንና ሲራገፍ ሞተሩ ይጥፋ፤ መካከለኛ ጭነት መኪና ቆሞ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ይጨርሳል። በቁልቁለት ፎሌ አድርጎ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጁ ሲነሣ ሞተሩ በመንኮራኩሩ ስለሚዞር ነዳጅ አይፈልግም ማለት ይቻላል፤ ፎሌ ላይ ግን እንዳይጠፋ ይጠጣል። ከዚያም በላይ ፍሬኑ ይነድዳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል የወረደ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

አመራሮቻችን ደግሞ ይህን ያስቡልኝ። ሁሉም የሚያየው የቢሮውን ፒክአፕ ነው። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ብትሄድና በሊትር ከ10 ወደ 12 ኪሎ ሜትር ብናሻሽላት 333 ሊትር እናተርፋለን። ጭነት መኪናው በዚያው ርቀት ከ4 ወደ 4 ተኩል ብቻ ቢሻሻል ግን 556 ሊትር ነው፤ በ100 ብር ሒሳብ 55,600 ብር። ግማሽ ኪሎ ሜትር ብላችሁ አትናቁት። መካኒክ መጀመሪያ የት ይሂድ ለሚለው መልሱ ይኸው ነው።

ወደ ሽማግሌው ልመለስ። የተቆረጠባቸው ገንዘብ ተመለሰላቸው፤ ጡረታ እስኪወጡም አብረን ሠርተናል፤ ስለዚያ ነገር አንድ ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። ስማቸው ከነዳጅ ስርቆት ጋር የተነሣበት ቃለ ጉባኤ ግን እስካሁን በፋይል ውስጥ እንዳለ ነው። ልጆቻቸውም የልጅ ልጆቻቸውም ዛሬ የማኅበራችን አባላት ናቸው። ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ለሥራ አመራር ቦርዱ ማመልከቻ ጽፌ የአራቱን ጉዞዎች ገጽ አያይዤበታለሁ፤ ማመልከቻውን ከዚህ መድረክ ስወርድ ለሰብሳቢው እሰጣለሁ። ደብተሩ በር ላይ ባለው ጠረጴዛ ስለሚቀመጥ፣ አሠራሩን ለየማኅበራችሁ መገልበጥ የምትፈልጉ ከምሳ በኋላ አግኙኝ።