ከጉልበት ላይ የታሰረው ሴንሰርና የፓተንት መርማሪው ጥያቄ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ማታ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ማሰሪያ ለመናገር ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ አንዳንዶቻችሁም ከእግራችን ላይ አስረነው በቤተ ሙከራው መተላለፊያ ስንመላለስ ስቃችሁብናል። ይህ ማሰሪያ የኛ ፈጠራ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ እኛን አራታችንን ለሁለት ከፍሎ ከረመ። የመመረቂያ ሥራዎች ትርኢት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ብቻ ስለ ቀረው፣ ነገሩን ወደናንተ ማምጣት ግድ ሆነብን።

አስቀድመን መሣሪያውን በአጭሩ እንግለጽ። አክሰለሮሜትር የሚባለው የፍጥነትን ለውጥና የመሬትን ስበት ይለካል፤ ጋይሮስኮፕ ደግሞ የመዞርን ፍጥነት ይለካል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ፣ ከጥፍር የማይበልጥ ዕቃ ዛሬ በየስልካችን ውስጥ ይገኛል። እኛ አንዱን ከጭን፣ ሌላውን ከቅልጥም ላይ አሰርን። የሁለቱ ልዩነት ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደ ታጠፈ ይነግረናል። ጉልበቱ ተጎድቶ እንደ ገና መራመድ ለሚለማመድ ሰው ይጠቅማል ብለን ነው።

ሥራው ሲሳካልን ፓተንት እናውጣ አልን። ድንቁርናችን የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። ፓተንት የድካም ዋጋ ይመስለን ነበር፤ መርማሪው ግን ስንት ሌሊት አደራችሁ ብሎ አይጠይቅም። የአገራችን የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የሚጠይቀው ሥራው አዲስ እንዲሆን፣ ፈጠራዊ ብቃት እንዲኖረውና በኢንዱስትሪ ሊሠራበት እንዲችል ነው። ደግሞም በሰው አካል ላይ የሚደረግ የሕክምናና የምርመራ ዘዴ ፓተንት አይሰጠውም፤ ለዘዴው የሚያገለግለው ዕቃ ግን ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ እንዴት እንደሚመረምር የጻፍነውን ሁለት ገጽ ወዲያውኑ ቀደድነው።

ከዚያ ፍለጋ ገባን። ፓተንት ምስጢር የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ባለመብቱ ጥበቃ የሚያገኘው ሥራውን ለሕዝብ በመግለጡ ነውና። በዓለም አቀፉ አመዳደብ የሰውነትንና የአካል ክፍሎችን እንቅስቃሴ መለካት የራሱ መደብ አለው፤ ኤ 61 ቢ 5/11 ይባላል። ያን መደብ በከፈትንበት ምሽት ከመካከላችን አንዱ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ ወጣ። ከመገጣጠሚያው በላይ አንድ ሴንሰር፣ በታች አንድ ሴንሰር፣ ከዚያም ልዩነቱን ማስላት፤ እኛ ገና ፊደል ሳንቆጥር ሌሎች ጽፈውታል።

ተስፋ ቆርጠን ሳለን ነው ታሌስ ቪዥኒክስ የተባለው ኩባንያ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተሟገተበትን ክርክር ያገኘነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፓተንቱ በ2002 የተሰጠ ሲሆን ቁጥሩ 6,474,159 ነው። ኩባንያው የኤፍ 35 ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ የሚያደርገው የራስ ቁር መብቴን ነክቷል ብሎ ከሰሰ። ችግሩን እስቲ አስቡት። አብራሪው ራሱን ወደ ቀኝ ቢያዞር፣ ወይም አውሮፕላኑ ራሱ ወደ ቀኝ ቢዞር፣ በቁሩ ላይ ያለው ሴንሰር ሁለቱን ለይቶ አያውቅም፤ ለርሱ ሁሉም መዞር ነው። መፍትሔው ሁለተኛ ሴንሰር በአውሮፕላኑ ላይ አኑሮ፣ የራስን አቅጣጫ ከምድር አንጻር መሆኑ ቀርቶ ከአውሮፕላኑ አንጻር ማስላት ነበር። በ2015 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ይህ የተፈጥሮ ሕግና የሒሳብ ስሌት ስለሆነ ፓተንት አይገባውም አለ። በ2017 የይግባኙ ፍርድ ቤት ሻረው። ሒሳብ ስላለበት ብቻ አይወድቅም፤ የሴንሰሮቹ አቀማመጥ ከተለመደው የተለየ ነው፤ የመለኪያውንም ስሕተት ይቀንሳል የሚል ነው ምክንያቱ። ይህ ግን ደጁን ማለፍ ብቻ ነበር፤ አዲስ ነው አይደለም የሚለው ጥያቄ ገና ከውስጥ ይጠብቀዋል።

ሁሉም ሰው ግን ደጁን አላለፈም። በ2016 የእንቅስቃሴ መከታተያ አምባር የሚሠሩት ጆቦንና ፊትቢት በአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ሲካሰሱ፣ ከሁለቱም ወገን የቀረቡ ፓተንቶች ረቂቅ ሐሳብ ናቸው ተብለው ወድቀዋል። ሁለቱም የፈለጉት እርስ በርስ መጣጣል ነበርና፣ ብዙም አላዘንንላቸውም።

ይህን ካነበብን በኋላ የራሳችንን ማሰሪያ በሌላ ዓይን አየነው። ሴንሰሩ የኛ አይደለም፤ ስሌቱም የኛ አይደለም። ነገር ግን ስንሠራ ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረን ሌላ ነገር ነበር፤ ሰው ሲራመድ የባቱ ሥጋ እያበጠ ሲመለስ ሴንሰሩን ወደ ጎን ያዞረዋል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ሁሉ ይበላሻል። አንዲቱ ጓደኛችን ማሰሪያውን ለሁለት ከፍላ ከባቱ እብጠት በላይና በታች እንዲይዝ አድርጋ በጠፍር ሰፋችው። በሪፖርታችን ላይ ስለዚህ የጻፍነው አንድ መስመር ብቻ ነበር! አሁን እንደምናየው፣ የኛ ነው ልንለው የምንችለው ይህ አንድ መስመር ብቻ ነው። ለዚህም አዋጁ አነስተኛ ፈጠራ የሚለው ክፍል አለው፤ በዚያ በኩል ፈጠራዊ ብቃት አይጠየቅም፤ አዲስ መሆኑና ሊሠራበት መቻሉ ግን ይጠየቃል።

ጠባችንም ከዚህ ይነሣል። ሁለታችን እንዲህ እንላለን፤ ፓተንት የሚያስረው በተመዘገበበት አገር ነው፤ በአሜሪካ ብቻ የተመዘገበውን እዚህ ሠርቶ ለሕሙማን መስጠትን የሚከለክል የለም፤ ስለዚህ ማመልከቻውን ትተን ማሰሪያውን እንሥራ። ሁለታችን ደግሞ፣ መሥራትና የኔ ነው ማለት የተለያዩ ናቸው እንላለን። አዲስነት በመላው ዓለም ይታያልና የሌላውን በስማችን ማስመዝገብ አንችልም፤ የሰፋነውንም ሳናመለክት በትርኢቱ ላይ ብንሰቅለው በአውሮፓ በኩል አዲስነቱ ያን ቀን ይጠፋል። አውሮፓን ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። እኛም እርስ በርሳችን እንዲሁ ተባብለናል።

እስካሁን የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ ማመልከቻው ሳይገባ ማሰሪያው ለትርኢት አይወጣም። የመብቱን ወሰን የሚገልጸውን አንቀጽ አራት ጊዜ ጽፈን አራት ጊዜ ሰርዘናል። ሰፊ ስናደርገው የሌላ ሰው ሥራ ውስጥ ይገባል፤ ስናጠበው ጠፍሩን በቁልፍ የለወጠ ሁሉ ያመልጠናል። አምስተኛው ረቂቅ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። የሕግ ተማሪዎችና መምህሮቻችን ሆይ፤ ከመሄዳችሁ በፊት እንድታነቡልንና ሳትራሩ እንድትሰርዙልን እንለምናለን።