ስለ ፈጣን ዩኤስቢ ቺፕ አጠቃቀም



የዩኤስቢ 2.0 ደንብ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ፣ በሴኮንድ 12 ሜጋቢት የነበረውን ፍጥነት ወደ 480 አሳደገው። ይሁን እንጂ በትርፍ ጊዜው ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ሰው፣ «ፈጣን ዩኤስቢ» የተባለለትን ማይክሮኮንትሮለር ገዝቶ ሲሞክር፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው 12ቱን ብቻ ነው። እንደ ኤስቲኤም32ኤፍ407 ባሉት ውስጥ 480ውን የሚያስተላልፍና የሚቀበል ክፍል ስለሌለ፣ እንደ ዩኤስቢ3300 ያለ ቺፕ ከውጭ ሊታከልላቸው ይገባል።

ይህ ቺፕ በአንድ ጥንድ ሽቦ የሚጎርፈውን 480 ሜጋቢት ለ8 መስመሮች አከፋፍሎ፣ በ60 ሜጋኸርዝ የሰዓት ምት ያቀርበዋል። የሰዓቱ መስመርና 3 የመቆጣጠሪያ መስመሮች ሲታከሉ በጠቅላላው 12 ይሆናሉ። ከምት እስከ ምት ያለው ጊዜ 17 ናኖሴኮንድ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በመሞከሪያ ሰሌዳ ላይ የተንዘላዘለ ሽቦ ሥራውን ያበላሻል። ስለዚህም መስመሮቹ አጫጭርና የተመጣጠኑ፣ ከሥራቸው የተነጠፈው የግራውንድ መዳብ ያልተቆራረጠ፣ ወደ መሰኪያው የሚሄደው ጥንድ ኢምፒዳንስም 90 ኦም መሆን አለበት።

እንግዲህ ሠሪው አስቀድሞ የአምራቹን መግለጫ ያንብብ፤ ሰሌዳውንም ለቺፑ እንደሚስማማ አድርጎ ያሰናዳ። ለሥራው 12 ሜጋቢት የሚበቃው ከሆነ ግን፣ ያለ ተጨማሪ ቺፕ ገንዘቡንም ድካሙንም ይቆጥባል።