ጉረኛው ፒያኒስትና ያልተከፈለው ሒሳብ

ወገኖቼ፣ የኒው ኦርሊየንሱ ጄሊ ሮል ሞርተን «ጃዝን ፈጠርኩ» ባይ ስለነበር ጉረኛ ተብሏል። ይጎርር እንጂ ባዶ እጁን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1915 ድርሰቱን በኖታ አሳተመ፤ በ1926 ቺካጎ ላይ «ሬድ ሆት ፔፐርስ» የተሰኘ ባንዱን እየመራ ለቪክተር ኩባንያ ሸክላ አስቀረጸ። «ኪንግ ፖርተር ስቶምፕ» የተባለ ዜማውን በ1935 ቤኒ ጉድማን ተጫውቶ አሜሪካኖችን አስጨፈረበት። ባለቤቱስ? በ1938፣ ዛሬ ሐበሾች ምግብ ቤት በከፈቱበት በዋሽንግተኑ ዩ ስትሪት፣ በአንዲት ትንሽ ክለብ ፒያኖ ይመታ ነበር። በዚያው ዓመት አለን ሎማክስ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አስቀምጦ ሙዚቃውንና ታሪኩን ቀረጸለት። በ1941 ግን የድርሰቴን ገንዘብ በሉኝ እንዳለ ሎስ አንጀለስ ላይ አረፈ። እኔ የምለው፣ ደራሲ በቁሙ ድርሻውን ካላገኘ የሙት ዓመቱ ውዳሴ ምን ይረባዋል?